ምራቂ ከታች ነው የሚገባው

ጡረታ ወጥቼ ቤቴል ከገባሁ ወዲህ የሰፈሩ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ጋሽ ተክሌ፣ ነጩን ድብ አይተውታል?» አላየሁትም። ነጩ ድብ ያለው በላይኛው የምድር ጫፍ ነው፤ እኔ የሠራሁት በታችኛው ነው። ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል። አንድ የታክሲ ረዳትማ «ታዲያ ያን ያህል አገር አቋርጠው ምን ሊሠሩ ሄዱ?» ብሎ ሂሳቡን ሳይቀበለኝ ሊቀር ምንም አልቀረው።

ዕቃ ላደርስ ነው የሄድኩት። አንታርክቲካ በሚባለው የበረዶ አህጉር ላይ የምርምር ጣቢያዎች አሉ። ተመራማሪዎች፣ መካኒኮች፣ ሐኪምና ምግብ አብሳይ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይኖራሉ። የሚበሉት፣ የሚለብሱት፣ የሚያነዱት ነዳጅ ሳይቀር በዓመት አንዴ፣ በረዶው ሲላላ፣ ከኬፕታውን በመርከብ ይሄድላቸዋል። መርከቧ በረዶውን እየሰበረች እስከምትችለው ድረስ ትጠጋለች። ከዚያ ወዲያ ሥራው የሄሊኮፕተር ነው። ዕቃው በመረብ ተጠቅልሎ ከሄሊኮፕተሩ ሆድ በወረደ ገመድ ላይ ይሰቀልና እየተንጠለጠለ ይሄዳል። እኔ ከሄሊኮፕተሩ ሥር ቆሜ ያንን ጭነት መንጠቆው ላይ የምሰቅለው ሰው ነበርኩ።

ማሰር የተማርኩት ባሕር ላይ አይደለም፤ አየር ጤና ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ኮልፌ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ ከባንኮኒ ኋላ እንድቀመጥለት ይመኝ ነበር። እኔ ግን መቀመጥ አይሆንልኝም። ልቤ ያለው ወደ ጅማ በሚወጡት የጭነት መኪኖች ላይ ነበር። ፍራሽ፣ ቆርቆሮ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የሙሽራ ቁም ሣጥን፣ የመጣውን ሁሉ ደርድሬ አስራለሁ። ያሰርኩት ጭነት መንገድ ላይ ተፈታ ተብሎ ስሜ ተነስቶ አያውቅም። በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

አንድ ቀን ከአንድ አይሱዙ ጎን አንድ ጠና ያሉ ሰው ቆመው ገመዴን ሲዳስሱ አየሁ። በዓይናቸው አይደለም የሚመረምሩት፤ በመዳፋቸው ነው። ቋጠሮ ከቋጠሮ እየተሻገሩ መኪናውን ዞሩት።

«ይህን ማን ነው ያሰረው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ችግር አለ?»

«የለም። ባሕር ታውቃለህ?»

«ላንጋኖ ሄጃለሁ።»

አልሳቁም። «መዋኘትስ?»

«አልችልም።»

«ደግ። ዋና የሚችል ሰው ይዘናጋል። የማይችል አጥብቆ ይይዛል።»

ጋሽ ለማን ያወቅኳቸው እንዲህ ነው። የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ባሕር ኃይሉ ሲበተን ወደብ ለወደብ ተንከራትተው በመጨረሻ ለበረዶው አገር ዕቃ በምታደርስ መርከብ ላይ የባሕረኞች አለቃ ሆነዋል። የዚያን ሰሞን አስኮ ያሉትን እህታቸውን ለመጠየቅ በፈቃድ መጥተው ነበር። ፓስፖርቱ፣ የባሕረኛ መታወቂያው፣ የጤና ምርመራው፣ ያ ሁሉ መመላለስ ምን ያህል እንዳሰለቸኝ ብተርክ አንባቢም ይሰለቻል። ደመወዙን በተመለከተ ቤቴል ያለችው ቤታችን ምስክር ናት።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ለታሪክ የሚበቃ አይደለም። ከኬፕታውን ወጥተን ባሕሩ መናወጥ ሲጀምር ከአልጋዬ አልተነሳሁም። ያን ጊዜ አየር ጤና ድረስ የሚወስደኝ ታክሲ ቢገኝ በሩ ላይ ተንጠልጥዬም ቢሆን እሄድ ነበር። ጋሽ ለማ ደረቅ ዳቦና ጨው ይዘው እየመጡ «ብላ። ባዶ ሆድ ነው የሚያናውጥህ» ይሉኛል። የዳንኩት በዳቦው ይሁን በቁጣቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ዝገት በመፋቅና ቀለም በመቀባት አሳለፍኩ። ካፒቴኖች ተለዋወጡብኝ። አንዱ በፉጨት ብቻ የሚያዝ ነበር። ሌላው ደግሞ በረዶ በሰበርን ቁጥር መርከቧ ወደምትመራበት ክፍል ጠርቶ ሻይ የሚጋብዝ ደግ ሰው ነበር። ቀጥሎ ወደ መርከቧ ሆድ ወረድኩ፤ ዕቃ ድርደራ። እዚያ የአየር ጤና ትምህርቴ በጣም ጠቀመኝ። ጅማ መጨረሻ የሚወርደው ዕቃ መኪናው ላይ መጀመሪያ እንደሚጫነው ሁሉ፣ መርከብም እንዲሁ ነው። በመጨረሻ ጋሽ ለማ ከጎናቸው፣ ከሄሊኮፕተሩ ሥር አቆሙኝ።

ያን ሥራ ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ሄሊኮፕተሩ ከራስህ በላይ ቆሞ ሲያገሳ የራስህን ጩኸት እንኳ በግድ ነው የምትሰማው። ንፋሱ ወደ ታች ይደፍቅሃል፤ የበረዶው ብናኝ ፊትህን ይገርፍሃል። መንጠቆው እየተወዛወዘ ይወርድልሃል፤ ግን በእጅህ አትቀበለውም። ሄሊኮፕተር በደረቅ በረዶ ውስጥ ሲበር ሰውነቱ ኤሌክትሪክ ይሰበስባል። መንጠቆውን ቸኩሎ የያዘ ሰው በቅሎ እንደረገጠችው ይወድቃል። ስለዚህ ከመርከቧ ብረት ጋር በሽቦ የተያያዘ ዘንግ ይዘን መጀመሪያ መንጠቆውን በዘንጉ እንነካዋለን። ጧ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው እጅ የሚነካው። ከሰቀልክ በኋላም በጭነቱና በመርከቧ ጠርዝ መካከል አትቆምም፤ ጭነቱ ቢወዛወዝ ጠራርጎ ባሕር ይከትሃል።

ከሁሉ በላይ የሚከፋው ግን ያልታሰረ ነገር ነው። አንዲት ካርቶን፣ አንዲት ፌስታል በንፋሱ ተነስታ የሚሽከረከረው ክንፍ ውስጥ ከገባች ሄሊኮፕተሩ ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲመጣ አብራሪው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ጭነቱን ይለቀዋል። የጣቢያው የዓመት ስንቅም ቢሆን ይለቀዋል። መብቱ ነው፤ ነፍሱ ናት።

ጋሽ ለማ መረቡ ከተዘጋ በኋላ ጓንታቸውን ያወልቃሉ። በዚያ ቅዝቃዜ ባዶ መዳፋቸውን መረቡ ላይ አድርገው፣ ያን ጊዜ አይሱዙውን እንደዞሩት፣ ጭነቱን ይዞሩታል። እያንዳንዱን ገመድ፣ እያንዳንዱን መቆለፊያ ይዳስሳሉ። ከዚያ ወደ ሚዛኑ ዞር ብለው «አንብብልኝ» ይሉኛል፤ አነብላቸዋለሁ። በመጨረሻ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ለአብራሪው ምልክት ይሰጣሉ። አብራሪው እንደማይሰማቸው እያወቁ ሁልጊዜ «ይነሳ!» ብለው ይጮሃሉ። እኔ ግን ትከሻቸው ሥር ስለምቆም እሰማቸው ነበር፤ ሳልሰማው ከዋልኩ ሥራ የሠራሁ አይመስለኝም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ፆሙን ባሕር ላይም አያፈርሱም። ሁዳዴ የሚይዘን ከበረዶው አገር ስንመለስ ስለሆነ፣ ከአስኮ ያመጡትን ሽሮ ለመርከቧ ምግብ አብሳይ አስረክበው አሠራሩን ያስተምሩታል። ሰውየው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይረሳዋል። በየዓመቱም ልክ እንደ ሾርባ አቅጥኖ ያመጣልናል፤ በማንኪያ እየጠጣን እንስቃለን።

አሁን ወደ ምራቂው ልምጣ። እኔ ያደግኩት ባባቴ ሱቅ ነው። እኛ ዘንድ ገዢ «መርቅልኝ» ሳይል አይሄድም፤ ሻጭም ከመዘነ በኋላ ትንሽ ነገር ከላይ ጣል ሳያደርግ አይሸኝም። አባቴ ስኳር መዝኖ፣ ወረቀቱን ጠቅልሎ ጨርሶም ቢሆን ትንሽ ቆንጥሮ አናቱ ላይ ያደርግ ነበር። በልኩ ተመዝኖ በልኩ የሚዘጋው መረብ ለኔ የንፉግ ሰው ንግድ ይመስለኝ ነበር። የጣቢያው ሰዎች ደግሞ ዓመት ሙሉ ትኩስ ፍራፍሬ አያዩም። ስለዚህ ኬፕታውን ላይ በገዛ ገንዘቤ ብርቱካን እገዛለሁ። በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ፣ ጋሽ ለማ ጭነቱን ዳስሰው ሲጨርሱ፣ ከመጨረሻው መረብ አናት ገመዶቹ ሥር እሸጉጠዋለሁ።

ይህን ለብዙ ዓመት አደረግኩ። ጋሽ ለማ ፊት ለፊቴ ቆመው ነው የምሸጉጠው፤ ምንም አይሉኝም። አይተው እንዳላየ እያለፉኝ ነው፣ የአገሬ ሰው ምራቂን መች ይነፍጋል፣ እያልኩ በልቤ እመርቃቸው ነበር።

የከፋው ቀን የመጣው በአንድ ወቅት መጨረሻ ላይ ነው። ዕቃው ሁሉ ሄዷል፤ በረዶው ዙሪያችንን እየተጠጋ ስለነበር ካፒቴኑ ዛሬውኑ መውጣት አለብን ብሏል። የቀረን አንድ ጭነት ብቻ ነበር፤ የጣቢያው የማሞቂያ ፓምፕ። አሮጌው እያጣጣረ ነው ያለው። አዲሱ ካልገባ እዚያ ሰው ሊከርም አይችልም፤ ሁሉም ከእኛ ጋር ተሳፍረው ይመለሳሉ፣ ጣቢያውም ይዘጋል። የጣቢያዋ መካኒክ ሉዊዝ የምትባል ቀጭን ሴት ነበረች። ለዚያ ክረምት ስንት ዓመት እንደተዘጋጀች ነግራኛለች። ፓምፑ ሲታሰር በዓይኗ ለማየት ብላ ወደ መርከቧ መጥታ ከኛ ጋር ቆማለች።

ጋሽ ለማ ዳሰሱ። ሚዛኑን አነበብኩላቸው። እኔም ማዳበሪያዬን ሸጎጥኩ። ሰቀልኩ፤ ገለል አልኩ። «ይነሳ!»

ጭነቱ ከወለሉ ከፍ እንዳለ መሽከርከር ጀመረ። የማዳበሪያው አፍ ሲፈታ አየሁት። ብርቱካኑ ወለሉ ላይ ዘነበ። ባዶው ማዳበሪያ ንፋስ ሞልቶት ተነፋና በጭነቱ ጎን ወደ ላይ ወጣ፤ ወደ ሄሊኮፕተሩ ጭራ። የጮህኩ ይመስለኛል። ሄሊኮፕተሩ ዘመም አለ። ያን ጊዜ አብራሪው ጭነቱን ለቀቀው። ፓምፑ ከመርከቧ ጎን፣ በሁለት የበረዶ ገበታ መካከል ወደቀ፤ ውሃው ዋጠው። ማዳበሪያው የሄሊኮፕተሩን ጭራ ለጥቂት ስቶ አልፎ ባሕር ላይ አረፈ።

ማንም አልተጎዳም። ሉዊዝ አንድ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ብርቱካን ተንከባሎ ጫማዋ ሥር ቆሟል፤ እሱን ነበር የምታየው። አፈርኩ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሃንስ የሚባለው አብራሪ ሄሊኮፕተሩን አሳርፎ ወረደ። ፊቱ ገርጥቷል። «ያ ምንድን ነው?» አለ።

«የኔ ነው» አልኩ።

ከሁላችን በፊት የነቃው የመርከቧ መሐንዲስ ነው። ከመርከቧ መለዋወጫ ውስጥ ተቀራራቢ ፓምፕ እንዳለ ተናገረ። ሉዊዝ ከሣጥኑ ተነስታ ሮጣ ወረደች። ለካችው፣ ገለባበጠችው። «መገጣጠሚያውን ከቆርቆሮ እሠራለታለሁ። ይሆናል» አለች። ካፒቴኑ በረዶውን አየና «አንድ በረራ። ከዚያ እንወጣለን» ብሎ ፈቀደ። ያን ጊዜ ነው ሃንስ ጣቱን ወደኔ የቀሰረው።

«እበራለሁ። ግን ይህ ሰው ከሥሬ እንዲቆም አልፈልግም።»

ጋሽ ለማ ወለሉን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ብርቱካኖቹን ሲለቅሙ ነበር። ቀና አሉ።

«ሃንስ፣ እኔ አይቼዋለሁ» አሉ። «ማዳበሪያውን ሲሸጉጥ አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ አለቃው እኔ ነኝ። የሚባረር ካለ ኬፕታውን ስንደርስ እኔን አባርሩኝ። አሁን ግን ይህን ጭነት ከሱ የተሻለ የሚሰቅል እጅ እዚህ የለም። ደግሞም ከዛሬ ወዲያ በሕይወቱ ከላይ ምንም የማይጨምር ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሌላውን ዋስ አልሆንህም።»

ከዚያ ወደኔ ዞሩና በአማርኛ፣ ቀስ ብለው «ተክሌ፣ መረቡን ዘርጋ» አሉኝ። ዘረጋሁ። የለቀሟቸውን ብርቱካኖች በወፍራም ሸራ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ምራቂህን አስገባ። ከታች ነው የሚገባው። ፓምፑ ከጎኑ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይዘጋል፤ ከዚያ ይመዘናል። መርቅ ማንም አልከለከለህም። ከሚዛን በፊት መርቅ።»

አሰርኩ። ጋሽ ለማ ጓንታቸውን አውልቀው ዞሩ። እሳቸው ሲጨርሱ ሃንስም መጣ። አንድም ቀን እንዲህ አድርጎ የማያውቀው ሰው ጓንቱን አወለቀና ጭነቱን በመዳፉ ዞረው። አላየኝም፤ ራሱን ብቻ ነቅንቆ ወደ ሄሊኮፕተሩ ሄደ። ሰቀልኩ። «ይነሳ!» ሲሉ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ጭነቱ ቀጥ ብሎ፣ ሳይወዛወዝ፣ በበረዶው ላይ እየራቀ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ስንመለስ ሉዊዝ በረዶው ዳር ቆማ ጠበቀችኝ፤ ወፍራለች። ፓምፑ ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን አላሳፈራትም። «ያን ቀን ለፓምፑ ስንሯሯጥ ሌላ ነገር መኖሩን ማን አየ?» አለችኝ። «በኋላ መረቡን ልናጥፍ ስናነሳ ሸራውን አገኘነው። ብርቱካኑ ድንጋይ ሆኗል። አስቀመጥነውና ፀሐይ ጨርሶ በማይወጣበት ሰሞን አቅልጠን በላነው። ሁሉ ነገር ያለቀብን መስሎን ነበር።»

ይህን መጀመሪያ ልነግር የተመኘሁት ለጋሽ ለማ ነበር፤ ግን በዚያ ጉዞ አልነበሩም። ያ የፓምፑ ጉዞ የመጨረሻቸው ሆኗል። እኔ በቦታቸው አለቃ ተደርጌያለሁ። እስከ ጡረታዬም በየመጨረሻው ጭነት ሥር፣ ተመዝኖ የገባ ምራቂ ነበር። አዲስ የሚመጡ አብራሪዎች እንኳ «ምራቂው ገባ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ቃሉን ያወቁት በአማርኛ ነው። ግን ሹመቱ አልጣመኝም። ጋሽ ለማን እንጀራቸውን ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ የሚል ነገር ውስጤ ተቀምጦ ቀረ። በፈቃድ በመጣሁ ቁጥር አስኮ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለዚያ ቀን ግን አንሥቼ አላውቅም። የሚመልሱልኝን ፈራሁ።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ አስካለ «ጡረታ ወጥተህም ትፈራለህ?» ብላ አሾፈችብኝ። እውነቷን ነው። ዘንቢል ይዤ ወደ ዘይነባ ሄድኩ፤ ቤቴል የታወቀች አትክልት ሻጭ ናት። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመን አልኳት።

«ምራቂውን በመጀመሪያ፣ ብርቱካን ይሁን» አልኳት። «ከታች አድርጊልኝና አብረሽ መዝኚው።»

«ጋሼ ደግሞ! ተመዝኖ የሚከፈልበት ምራቂ የት አለ? ከታች ከገባስ ማን ያየዋል?»

«ዘንቢሉን የሚያራግፈው ያየዋል።»

«ይሁንልዎ፤ የርስዎ ነገር ሁሌ ለብቻው ነው» እያለች መዘነችልኝ።

በሁለት ታክሲ አስኮ ደረስኩ። ጋሽ ለማ የእህታቸው ቤት ሳሎን ውስጥ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አሁን ከጨለማና ከብርሃን በቀር አይለይም። በድምፄ አወቁኝ። ዘንቢሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ መዳፋቸው ወዲያው ሥራውን ጀመረ። ጆሮውን፣ ጎኑን፣ ዙሪያውን ዳሰሱት።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ ድፍረቴ ሳያመልጠኝ። «የፓምፑ ቀን፣ ለሃንስ አይቻለሁ ብለው ጥፋቱን ለራስዎ ወሰዱት። በኔ ምክንያት ነው ከሥራ የወጡት።»

እጃቸው ዘንቢሉ ላይ ቆመ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው።

«እኔ ምኑን አየሁ?» አሉ። «ማዳበሪያህን አንድም ቀን አላየሁት። ያን ጊዜ ዓይኔ ከሄደ ስንት ጊዜው! ሚዛኑን ለምን አንብብልኝ የምልህ ይመስልሃል? መዳሰሱ መጀመሪያ ልማድ ነበር፤ በኋላ ዓይኔ እሱ ሆነ። አንተ ደግሞ ዳስሼ ከጨረስኩ በኋላ ትሸጉጣለህ።»

«ታዲያ ለምን አየሁ አሉ?»

«አላየሁም ብል ሃንስ እኔንም አያምነኝም፤ ሁለታችንም ከሥሩ እንነሳለን። የሉዊዝን ጭነት ማን ይሰቅል ነበር?» «ስንመለስ ለካፒቴኑ እውነቱን ነገርኩት። በራሴ ጊዜ ነው የወረድኩት። ያቺ ማዳበሪያ ባትነሳ፣ እኔ በዳበሳ ስሠራ አንድ ቀን ሰው እገድል ነበር። አንተ አላስወጣኸኝም፤ እጄ የሰው ደም ሳይነካ ነው የወጣሁት።»

አለቀስኩ፤ አላዩኝም። እሳቸው ግን ዘንቢሉን ማራገፍ ጀምረዋል። ጎመኑን፣ ሽንኩርቱን፣ ድንቹን አንድ በአንድ ከጎናቸው ደረደሩ፤ ያ ሁሉ ሲያልቅ እጃቸው ከዘንቢሉ ወለል ላይ ብርቱካኑን አገኘ። አውጥተው አሸተቱት።

«ተመዝኗል?» አሉኝ።

«ተመዝኗል፣ ጋሼ።»

ቀኝ እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉና «ይነሳ!» አሉ። እኔም ክንዳቸውን ይዤ አነሳኋቸው፤ ፀሐይ ያለበት በረንዳ ላይ ወጥተን ተቀመጥንና ብርቱካኑን ላጥኩላቸው።